በእጁ ገንዘብ ያጣ ገበሬ በሬውን እንዳይሸጥ

የደጋውና የወይና ደጋው ገበሬ ጥሬ ገንዘብ በእጁ የሚገባው ከዓመቱ ውስጥ በጥቂት ወራት ብቻ መሆኑ የታወቀ ነው። መኸሩ ተሰብስቦ፣ አውድማው ተወቅቶ፣ እህሉ ገበያ በሚወጣበት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቤቱ ይሞላል። ሰኔ ሲገባ ጎተራው ይጎድላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ እህሉም ገንዘቡም ከቤት የሚጠፋባቸው ወራት ናቸው። ወጪው ግን ወር አይመርጥም። ሕፃን የሚታመመው፣ አዛውንት የሚሞተው፣ በሬ ገደል የሚገባው፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ የሚመጣው ገበሬው እህሉን ሸጦ እስኪጨርስ ጠብቆ አይደለም።

በመሆኑም ድህነትና የጥሬ ገንዘብ እጦት አንድ እንዳልሆኑ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጤን ይገባል። ሁለት በሬ፣ አንዲት ላምና ጥሩ ማሳ ያለው ገበሬ በአካባቢው እንደ ሀብታም ይቆጠራል። ይኸው ሰው በነሐሴ ወር የታመመ ልጁን ወደ ሆስፒታል ለማድረስ ጥቂት ሺሕ ብር ሲያጣ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሀብታም ተራ ወጥቶ ጥማድ ጎዶሎ ወደሚሆንበት ኑሮ ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ የሚሸጠው በሬ በመጪው ዓመት የሚታረሰውን መሬት ይዞ የሚሄድ ነውና ጉዳቱ በአንድ ክረምት አያበቃም።

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ባለሥልጣን በ1990ዎቹ ባካሄዳቸው የኑሮ ደረጃ ክትትል ጥናቶች ለቤተሰብ ኃላፊዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ፣ ድንገተኛ ችግር ቢመጣ 100 ብር በአንድ ሳምንት ውስጥ ማግኘት ይችሉ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የገጠሩን ኑሮ ሥር የሚነካ ነው። አንድ ቤተሰብ ስንት ጥማድ እንዳለው ከመቁጠር ይልቅ፣ በጭንቅ ቀን የማንን ደጅ ሊያንኳኳ እንደሚችል ማወቅ ስለ ኑሮው ይበልጥ ይናገራል። ዛሬ 100 ብር የሚገዛው ነገር እጅግ አንሷል፤ የጥያቄው ፍሬ ነገር ግን እንደነበረ ነው።

የገጠር ቤተሰብ ገንዘብ ሲያጣ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በዘፈቀደም አይሄድም። ችግሩን የሚወጣበት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ እንቁላልና ዶሮ፣ ቅቤና ጌሾ፣ የማገዶ እንጨትና ከሰል ወደ ገበያ ይወጣሉ። በጓሮው ባሕር ዛፍ የተከለ እንደሆነ ጥቂት አጣና ይቆርጣል፤ ባሕር ዛፍ ለብዙ ገበሬ ወለድ የማይከፍልበት የቁጠባ ደብተሩ ነው። ይህ ካልበቃ ከባለ ሱቅ በዱቤ ይወስዳል። ቀጥሎ በግና ፍየል ይሸጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ደረጃዎች ሁሉ የሚያሙ ናቸው፤ ጊደር መሸጥ፣ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ለእረኝነት መቅጠር፣ ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ መሰደድ፣ በመጨረሻም በሬ መሸጥና መሬት ማስያዝ ናቸው። የገጠር ፖሊሲ ጥበብ ገበሬው ከመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ወደ መጨረሻዎቹ እንዳይወርድ ማድረግ ሊሆን ይገባል።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ ገበሬውን የሚይዘው ጎረቤቱና ዘመዱ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው በከንቱ አይደለም። የጎረቤት ብድር ወለድ የለውም፤ ወረቀትም አይጻፍበትም፤ እማኝ እንኳ ብዙ ጊዜ አይጠራበትም። ዛሬ የተበደረው ነገ አበዳሪ ይሆናልና ብድሩ የሚመለሰው በገንዘብ ብቻ አይደለም። በሬ በማዋስ፣ በአጨዳ ቀን በመድረስ፣ ልጅ ሲዳር ጎን በመቆም ጭምር ይመለሳል። ብድር በምድር የሚለው አነጋገር ይህንኑ ይገልጻል።

በዚህ ዓይነት ከጎረቤት ቀጥሎ የሚመጣው እድር ነው፤ በወሎ ቅሬ ይባላል። እድር የተቋቋመው በዋነኛነት ለቀብርና ለለቅሶ መሆኑ የታወቀ ነው። አባሉ በየወሩ ወይም ሞት በደረሰ ጊዜ ጥቂት ብር ያዋጣል፤ በገጠር ደግሞ እህል፣ እንጀራ፣ እንጨትና ውሃ ይጨመርበታል። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ የቀረ ይቀጣል፤ ያጠፋ ይወቀሳል። በብዙ ቦታ የእድሩ ሰዎች በሽተኛን በወሳንሳ ተሸክመው መኪና እስከሚገኝበት መንገድ ያደርሳሉ። ከጊዜ በኋላ ደግሞ አንዳንድ እድሮች ከሳጥናቸው ለታመመ፣ ቤቱ ለተቃጠለበት ወይም በሬው ለሞተበት አባል ማበደር ጀምረዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የተባለውን በተግባር ያሳየ ድርጅት ቢኖር እድር ነው።

እቁብ ከእድር የሚለየው ዓላማው ገንዘብን ማሰባሰብ ብቻ በመሆኑ ነው። አባላቱ እኩል እያዋጡ በዕጣ ተራ በተራ ይወስዳሉ። ገንዘብ በቤት ሲቀመጥ ይበተናል፤ በእቁብ ውስጥ ግን የሌላው ዓይን ይጠብቀዋል። ድንገተኛ ችግር የገጠመው አባል ዕጣው ለእርሱ እንዲሆን ሊለምን፣ ወይም ዕጣ ከደረሰው ሰው ላይ ጥቂት ብር ቀንሶ ሊገዛ ይችላል። ይሁንና እቁብ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ከገበሬው ይልቅ በገበያ ከተሞች ለሚነግደው፣ ቅቤና ጠላ ለምትሸጠው ሴት፣ ለመንግሥት ሠራተኛውም ይበልጥ የሚመች ነው።

ከገንዘብ ውጭ ያሉት መረዳጃዎችም ሊዘነጉ አይገባም። ወንፈልና ደቦ ለቀን ሠራተኛ ይከፈል የነበረውን ብር ያድናሉ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በመቀናጆ አንድ ጥማድ ያወጣሉ። ከብት መግዛት ያልቻለ ደግሞ የሌላውን ላም በየርቢ እየጠበቀ ከሚወለደው ይካፈላል። ጉልበት የሌላት ባልቴት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ በሌለበት ገንዘብን የሚተኩ ሥርዓቶች ስለሆኑ፣ የቤተሰብን ገቢ በብር ብቻ የሚመዝን ባለሙያ አያያቸውም።

ይህ ሁሉ በጎ ነገር መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነስቶ ገበሬው የራሱ መረዳጃ አለውና ሌላ አያስፈልገውም ብሎ መደምደም ታላቅ ስሕተት ይሆናል። መረዳጃው ሦስት ግልጽ ወሰኖች አሉት።

የመጀመሪያው፣ ችግሩ የአንድ ቤት ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ በሆነ ጊዜ መረዳጃው የሚይዘው ያጣል። አንዱ ሲታመም ሌላው ጤነኛ ነውና ያበድረዋል፤ ዝናብ ሲቀር ግን የሁሉም ማሳ አንድ ላይ ይደርቃል። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ይህ በአሰቃቂ ሁኔታ ታይቷል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከብቱን ገበያ ስላወጣ የከብት ዋጋ ወደቀ፤ የእህል ዋጋ ደግሞ ሰማይ ወጣ። በ2008 ዓ.ም. ድርቅም ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነበር። ሌላው ቀርቶ መልካም ምርት እንኳ ችግር ሊሆን ይችላል። በ1994 ዓ.ም. በቆሎ በብዛት ተመርቶ ዋጋው ክፉኛ በመውደቁ የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል የተቸገረው ገበሬ ጥቂት አልነበረም፤ በማግሥቱ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ተከተለ።

ጦርነትም እንዲሁ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲቀሰቀስና ባንኮች ለረጅም ጊዜ ሲዘጉ፣ በባንክ ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ ከሌለው ጋር አንድ ሆነ። ደመወዝተኛው ሲያጣ ለገበሬው ዘመዱ የሚልክ ጠፋ። ይህ ሁኔታ የሚያስተምረው ቢኖር የመረዳጃው መረብ ጥንካሬ በመንደሩ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከመንደሩ ውጭ ካለ ዘመድና ተቋም ጋር ባለው ግንኙነት የሚመዘን መሆኑን ነው።

ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ15 የገጠር መንደሮች ለዓመታት የተካሄደው የቤተሰቦች ጥናት ይህንኑ በአኃዝ አሳይቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በወጣው ውጤት መሠረት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ድርቅ የደረሰባቸው ቤተሰቦች የነፍስ ወከፍ ፍጆታ በ20 በመቶ ገደማ ዝቅ ያለ ነበር። ሕመም የገጠማቸው ደግሞ 9 በመቶ ገደማ ወርደዋል። እድር፣ ዘመድና ጎረቤት እያሉ ይህ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። መረዳጃው የድንገተኛውን ችግር ምት ያለዝበዋል እንጂ አያስቀረውም።

ሁለተኛው ወሰን፣ መረዳጃው የሚረዳው ያዋጣውን ነው። የመግቢያ ገንዘብ የሌለው፣ ወርኃዊውን መዋጮ መክፈል ያቃተው፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረ፣ መሬት ያላገኘ ወጣት ጎጆ ወጪ ከክበቡ ውጭ ይቀራል። በሬ የሌላት፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት በጎረቤት ብድር ረገድ እምነት ቢጣልባት እንኳ መልሳ ለመክፈል ያላት አቅም ስለሚያጠራጥር የምታገኘው ጥቂት ነው። ይበልጥ የተቸገረው ይበልጥ የሚገለልበት መረዳጃ በራሱ ብቻ ሊተው አይችልም።

ሦስተኛው ወሰን፣ የጎረቤት እጅ ባጠረበት ቦታ የአራጣ አበዳሪው እጅ ይዘረጋል። ይህ ለገጠሩ ኑሮ ከሁሉ የከፋ አደጋ ነው። በወር ከመቶ 10 ብር የሚያስከፍል አራጣ በብዙ ቦታ የሚሰማ ነው። ስሌቱን ማየት ተገቢ ይሆናል። አንድ ገበሬ በሰኔ መጨረሻ 5,000 ብር በዚህ ዓይነት ቢበደርና በታኅሣሥ መጨረሻ ቢከፍል፣ ለስድስት ወር ወለዱ ብቻ 3,000 ብር ይሆንበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 ተዋዋዮች ሊስማሙበት የሚችሉትን ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል። በዚህ ስሌት ገበሬው የሚከፍለው ወለድ 300 ብር ብቻ በሆነ ነበር። የተጠየቀው ሕጉ ከፈቀደው 10 እጥፍ ነው ማለት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም የሰውን ችግር ምክንያት አድርጎ አራጣ ማበደርን ወንጀል አድርጎታል።

ሕጉ እያለ አራጣ የሚኖርበት ምክንያት ስውር አይደለም። አራጣ አበዳሪው ሌሊትም ቢሆን በሩን ይከፍታል፤ ቅጽ አያስሞላም፤ ለምን ፈለግኸው ብሎ አይጠይቅም። ውሉም ብዙ ጊዜ በአራጣ ስም አይጻፍም። 5,000 ብር የሰጠው ሰው በወረቀቱ ላይ 8,000 ብር አበደርሁ ብሎ ያስፈርማል። አለዚያም ብሩን በእህል ይለውጠዋል፤ በክረምት አንድ ኩንታል ሰጥቶ በአውድማ ላይ አንድ ከግማሽ ወይም ሁለት ይወስዳል። ወይም መሬቱን በወለድ አገድ ይይዛል፤ ባለመሬቱ ዋናውን ገንዘብ እስኪመልስ ድረስ ምርቱን እየበላ ይኖራል። የራሱን ማሳ ምርት ያጣ ገበሬ ደግሞ ዋናውን ገንዘብ ከየት ያመጣል? ዕዳው ከዓመት ዓመት የሚሻገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች ወጣቶችን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤ አገሮች ለመላክ ቤተሰብ ከብት ሸጦና ተበድሮ ለደላላ ይከፍላል። የተሳካላት ልጅ የምትልከው ገንዘብ ቤተሰቧን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱን ጭምር ከችግር ያወጣል፤ ይህ የማይካድ ነው። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከመቶ ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያንን በመለሰች ጊዜ፣ ብዙዎች ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ገና ወዳልተከፈለ ዕዳ ነበር። ከችግር ለመውጣት የተወሰደ ብድር ችግሩን በእጥፍ የሚያመጣበት ጊዜ አለ።

መንግሥታዊ የሆኑት መንገዶች ታሪክም ቢሆን ከዚህ ጋር ሊታይ ይገባል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬውን ከባላባት ዕዳ አላቀቀው። ሆኖም የጥሬ ገንዘቡ ችግር አልተፈታም። በኋላ የመጣው የእህል ኮታ በ1982 ዓ.ም. እስኪነሣ ድረስ፣ ምርት የጎደለበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክብ ነበር። ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ በአዋጅ ቁጥር 40/1988 መሠረት የአነስተኛ ብድርና ቁጠባ ተቋማት ተስፋፉ። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ከነዚህ ትልልቆቹ አንዱ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ፀደይ ባንክ ሆኗል። በየቀበሌው የተቋቋሙት የገጠር ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ብዙ ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የቁጠባ ደብተር እንዲይዝ አድርገዋል።

ጉድለቱ ያለው እነዚህ ተቋማት የሚያበድሩበት ምክንያትና ወቅት ላይ ነው። ብድሩ በአመዛኙ ለማዳበሪያ፣ ለምርጥ ዘር፣ ለከብት ማድለብና ለንግድ የሚሰጥ ነው፤ ለሕመም፣ ለቀለብና ለትምህርት ቤት ወጪ የሚጠይቅ ሰው ምላሽ አያገኝም። ስለዚህ ለማድለብ ብሎ ይበደርና ለሆስፒታል ያውለዋል፤ በቡድን ዋስትና የተያያዙት ጓደኞቹም አብረውት ዕዳ ውስጥ ይገባሉ። የጎረቤት ፍቅር ለቡድን ዋስትና መያዣ ሲሆን፣ አንዱ መክፈል ሲያቅተው ፍቅሩም ብድሩም አብረው ይጠፋሉ።

ሌላው ጉድለት የመሰብሰቢያው ወቅት ነው። የመሬት ግብር፣ የማዳበሪያ ዕዳና ልዩ ልዩ መዋጮዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቁት እህሉ ከአውድማ እንደገባ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ገበሬ በአንድ ላይ ስለሚሸጥ ዋጋው ዝቅ ይላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ በጥር 1 ኩንታል በቆሎ በ3,000 ብር ሸጦ፣ በሐምሌ ለቀለብ ያንኑ አንድ ኩንታል በ4,500 ብር ቢገዛ 1,500 ብር ከስሯል። ይህ በስድስት ወር ውስጥ ከመቶ 50 ወለድ ከመክፈል አይለይም። በአራጣ አበዳሪ ላይ የሚጮኸው ሁሉ ይህን ስውር ወለድ ሊያየው ይገባል፤ የሚያስከፍለው የመሰብሰቢያው ቀን ነውና።

ከጉድለቶቹ ጎን ሊመሰገኑ የሚገባቸው ሥራዎችም አሉ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በምግብ ዋስትና ችግር ውስጥ ላሉ ሚሊዮኖች በእርከንና በመንገድ ሥራ ላይ ለዋሉበት ክፍያ እየሰጠ፣ ብዙ ቤተሰብ ከብቱን ሳይሸጥ ክረምቱን እንዲወጣ ረድቷል። ክፍያው በዘገየ ቁጥር ግን የታሰበለት ወራት ያልፍና ተጠቃሚው ተመልሶ በዱቤና በአራጣ እጅ ይወድቃል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም እጅግ ጠቃሚ ነው። ለገጠር ቤተሰብ ከድንገተኛ ወጪዎች ሁሉ ከባዱ የሕክምና ወጪ ነው። መዋጮው እህል በሚሸጥበት ወቅት ተከፍሎ ሕክምናው በክረምት ያለ ገንዘብ ከተገኘ፣ መድኑ የገበሬውን ዓመት በትክክል ያወቀ አሠራር ይሆናል። በጤና ጣቢያው መድኃኒት ጠፍቶ ባለመድኑ ከግል መድኃኒት ቤት ግዛ ሲባል ግን መታወቂያው ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የስልክ ገንዘብም እንዲሁ አዲስ በር ከፍቷል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በከተማ ያለ ልጅ ለገጠር ወላጁ በደቂቃ ገንዘብ እንዲልክ አስችሏል። ድሮ አንድ ሰው ወደ አገር ቤት እስኪሄድ ድረስ ይጠበቅ የነበረው ገንዘብ ዛሬ በሽተኛው መንገድ ላይ ሳለ ይደርሳል። የመረዳጃው መረብ ከመንደሩ ወሰን እንዲወጣ የሚያደርግ ስለሆነ ጠቀሜታው ታላቅ ነው። ሆኖም መብራትና የስልክ ማማ በሌለበት፣ ብሩን በጥሬው አውጥቶ የሚሰጥ ወኪል በማይገኝበት ቀበሌ ጥቅሙ በግማሽ ይቀራል።

እንግዲህ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ሊመለስ ይገባዋል። ከሁሉ አስቀድሞ መንግሥትም ሆነ ረድኤት ሰጪ ድርጅት እድሩን ልውሰድ፣ ላደራጅ፣ መዝገቡንም ልቆጣጠር ከማለት መቆጠብ ይኖርበታል። እድር የሚሠራው አባሉ የእኔ ነው ስለሚል ነው፤ የቀበሌ ስብሰባና የመዋጮ መሰብሰቢያ መሣሪያ ሆኖ ከታየ ሰው ልቡን ያነሣበታል። እድሩን መርዳት የሚቻለው ከጎኑ በመቆም ነው። ለምሳሌ የገንዘብ ያዡ ሣጥን በቤት ከሚቀመጥ በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ውስጥ ተቀምጦ ወለድ ቢያገኝ፣ እድሩም በራሱ ስም አባል ሆኖ ቢበደር፣ ለጭንቅ ቀን የሚሰጠው ገንዘብ ይበረክታል።

ሁለተኛ፣ የገጠር ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሰኔ እስከ መስከረም ብቻ የሚሰጥ አነስተኛ የችግር ጊዜ ብድር ቢለዩ ተገቢ ነው። መጠኑ ትንሽ፣ ውሳኔው የአንድ ቀን፣ ምክንያቱም ሕመምና ቀለብን የሚያካትት ሊሆን ይገባል። እንዲህ ያለው ብድር ለማኅበሩ ትርፍ ላያመጣለት ይችላል፤ ነገር ግን የአባሉን በሬ ያተርፍለታል፤ በሬው የተረፈለት አባል ደግሞ በመጪው ዓመት ቆጣቢ ሆኖ ይቀጥላል።

ሦስተኛ፣ እህል ራሱ መያዣ ሊሆን ይችላል። ገበሬው በጥር እህሉን በማኅበሩ መጋዘን አስቀምጦ ከዋጋው ከፊሉን በብድር ቢወስድና ዋጋ ሲሻሻል ቢሸጥ፣ ከላይ የተጠቀሰው ስውር ወለድ ይቀርለታል። የሚንቀሳቀስ ንብረትን በመያዣነት ስለ መስጠት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ሕጋዊ መሠረት ጥሏል። የቀረው እህልን ከነቀዝ የሚጠብቅ መጋዘንና የሚታመን ሚዛን ነው።

አራተኛ፣ የወረዳ አስተዳደሮች የግብርና የዕዳ መሰብሰቢያውን ቀን እንደገና ሊያዩት ይገባል። ሁሉንም በታኅሣሥና በጥር ከመጠየቅ ይልቅ በሁለት ጊዜ ከፍሎ መቀበል ለመንግሥት ገቢ ጉዳት የለውም፤ ለገበሬው ግን የኩንታሉን ዋጋ ይጨምርለታል።

አምስተኛ፣ ገበሬው ሕጉን ሊያውቅ ይገባል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነትና መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ዛሬ 500 ብር እጅግ ትንሽ ገንዘብ ስለሆነ የጎረቤት ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ በላይ ነው። ዘመዳሞች እንዳይጣሉ በአንድ ወረቀት ላይ የተሰጠውን ትክክለኛ ገንዘብ መጻፍ ነውር ሊሆን አይገባውም። ከተሰጠው በላይ የተጻፈበትን ወረቀት አልፈርምም ማለት ደግሞ መብት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ገበሬው ብድር ከቀለለለት ለተዝካርና ለሠርግ ያባክነዋል የሚሉ አሉ። ሥጋቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ በድግስ ምክንያት በሬውን የሸጠ ሰው በየመንደሩ አለ። ነገር ግን አራጣ አበዳሪው ለድግስ ሲያበድር የሚከለክለው የለም፤ በትንሽ ወለድ የሚያበድር ማኅበር ግን መጠን ሊወስን፣ ሊመክርና እምቢ ሊል ይችላል። ደግሞም የለቅሶ ድግስ እንዲቀንስ በደንባቸው የወሰኑ እድሮች መኖራቸው ሕዝቡ ራሱን ማረም እንደሚችል ያሳያል። አባካኝነትን በምክንያትነት አቅርቦ ለታመመ ልጅ ብድር መከልከል ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

በጠቅላላው ሲታይ ገበሬው በችግር ቀን የሚደገፍበትን መሎጊያ ራሱ አበጅቷል። እድሩ፣ እቁቡ፣ ወንፈሉና የጎረቤት ብድሩ ለዘመናት ያቆዩት ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እውነት ነው፤ ሆኖም ድሩ ሁሉ በአንድ ዝናብ የሚረጥብበት ቀን ይመጣል። ለዚያ ቀን የሚሆን ሌላ መያዣ ማዘጋጀት የገበሬው ብቻ ሳይሆን የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የባንኮችና የወረዳ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊነት ነው። ሥራው መጀመር ያለበትም ክረምቱ ገብቶ ጎተራው ከጎደለ በኋላ ሳይሆን፣ አውድማው ገና ሙሉ ሳለ ነው። በነሐሴ የሚሸጥ በሬ የሚድነው በጥር በተቀመጠ ገንዘብ ነውና።